ስለ ስኳር መለኪያና ስለ ጥጥ

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

አብሮኝ የሚያስተምር ወዳጄ የስኳር ሕመም አለበት። ከውጭ አገር የሚመጣው ስትሪፕ የሚሉት የደም መለኪያ እንዳያልቅበት እየሳሳ፣ በየቀኑ መለካት ሲገባው በሳምንት አንድ ጊዜ ይለካል። እኔም ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝና ነገሩ ከነከነኝ።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. አሜሪካዊው ሌላንድ ክላርክ በደም ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን በኤሌክትሪክ ሲለካ፣ ደሙ የፕላቲኑን ሽቦ እያበላሸ ቢያስቸግረው በሴሎፋን ሸፈነው። ሴሎፋን ከእንጨት የሚገኝ ሴሉሎስ ነው። በ1962 ዓ.ም. የስኳር መለኪያውን ሲያስብም ኤንዛይሙን ያኖረው ከስስ ሽፋን ሥር ነበር። ዛሬም በአንዳንድ የላቦራቶሪ መሣሪያዎች ከሴሉሎስ አሲቴት የተሠራ ሽፋን እንደ ወንፊት ያገለግላል፤ ኤንዛይሙ ስኳሩን ሲነካው የሚወጣውን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያሳልፋል፣ ልኬቱን የሚያሳስተውን ቫይታሚን ሲ ግን አብዛኛውን ያስቀራል።

ታዲያ ሴሉሎስ በአገራችን ጠፍቶ ነውን? ጥጥ አለ፤ የእንሰት ቃጫ አለ። ኤንዛይሙና ኤሌክትሮዱ ገና ከውጭ እንደሚመጣ፣ ሽፋኑም ብቻውን የወዳጄን ወጪ እንደማያቀልለት አልክድም። ሆኖም ሴሉሎስ አሲቴትን በአሴቶን አሟሙቶ በመስተዋት ላይ ማፍሰስና ሲደርቅ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ መላጥ ለተማሪም አይከብድም። ተማሪዎቼ ግን ይህን ሁሉ የሚያውቁት ከሰሌዳ ገልብጠው ነው። ለቤተ ሙከራው አሴቶን እንዲገዛ ያቀረብኩት ማመልከቻ «ለምን አስፈለገ?» እየተባለ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዞር ይኸው ሰባት ወሩ ነው። የጠየቅሁትም ሁለት ሊትር ነው።

ከአክብሮት ጋራ፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር