ያልታወቀ አገር ወይስ ያላወቀ እንግዳ?

ለዕረፍት ወደ ደቡብ ኢጣልያ ወርደው በካላብርያ፤ በዮንያ ባሕር ዳር የሚሰነብቱ ሰዎች «ማንም የማያውቀው አገር አገኘን» እያሉ ይመካሉ። ገላን በባሕር አጠገብ ማሳረፍ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ታሪክ ያለውን አገር ስም የለሽ ማድረግ ነው።

ከአሸዋው በላይ በኮረብታው ላይ፤ በሮሳኖ ከተማ፤ በ6ኛው መቶ ዓመት በጽርዕ ቋንቋ የተጻፈ ወንጌል አለ፤ ብራናው በሐምራዊ ቀለም የተነከረ፤ ፊደሉም በብርና በወርቅ የተጻፈ፤ 188 ቅጠል የተረፈለት ነው። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1004 ዓ.ም. በሮማ አጠገብ የግሮታፌራታን ገዳም የመሠረተው ቅዱስ ኒሎስም የዚህችው ከተማ ልጅ ነው።

እንግዲህ ሳምንት ሙሉ በአሸዋ ላይ ተኝቶ ኮረብታውን ሳይወጣ የተመለሰ እንግዳ፤ አላወቅሁም ይበል እንጂ አልታወቀም አይበል። ዕውር ስላላያት ፀሐይ ጨለመች አይባልምና።