ከጄሉ ቀለም በፊት ይዘቱ

የውበት ሳሎኖች የጥፍር ጄል ሲገዙ ቀድመው የሚያዩት ቀለሙንና ዋጋውን ነው። እኛ ግን ከጠርሙሱ ጀርባ ያለው ደቃቅ ጽሑፍ ይቅደም እንላለን። በብዙ ጄሎች ውስጥ ያለው «ሄማ» የተባለ ኬሚካል ሳይደርቅ ቆዳ ሲነካ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል፤ የጣት ጫፍ ያሳክካል፣ ይሰነጠቃል፣ ጥፍሩም ከሥጋው ይላቀቃል። አንዴ ከያዘ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ አይለቅም። ከደንበኛዋ ይበልጥ የምታሳስበን ቀኑን ሙሉ ጄል ስትቀባ የምትውለው ሠራተኛ ናት፤ እንጀራዋ ነውና።

የአውሮፓ ኅብረት በጥፍር ምርቶች ሄማን ለባለሙያ ብቻ ፈቅዷል፤ «ቲፒኦ» የተባለውን ሌላ የጄል ኬሚካል ደግሞ ከነሐሴ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ከልክሏል። እዚያ የታገደው እዚህ በቅናሽ እንዳይራገፍ አስመጪዎች ይጠንቀቁ። ጄሉ የሚደርቅበት መብራትም ጄሉን የሠራው አምራች ያዘዘው ይሁን፤ የማይጣጣም መብራት ላዩን አድርቆ ውስጡን ጥሬ ይተዋል። የይዘት ዝርዝር ከማይሰጥ አቅራቢ ዕቃ አይገዛ።