ወርቅ ጉድጓድ ውስጥ የሚገድለው አፈሩ ብቻ አይደለም

ወዳጆቼ፣ በተለይ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነውና ታገሱኝ።

ከሻኪሶ እስከ ዳዋ ዳር፣ እዚህ ነገሌ ዙሪያም ጭምር፣ ወርቅ ጉድጓድ ውስጥ ሰው ሞተ ሲባል ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣው «ተደረመሰበት» ነው። መደርመስ አለ፣ አልክድም። ግን ግድግዳው ቆሞ፣ ድንጋይ ሳይነካው የሚሞተውስ? እሱን «ቀኑ ደርሶ ነው» ወይም «ጉድጓዱ ጋኔን አለበት» ብለን እንቀብረዋለን።

ኧረ ጋኔን አይደለም! አየር ነው።

ኬሚስትሪ ክፍል የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶ ገደማው ኦክሲጅን ነው። ከ10 በመቶ በታች ሲወርድ ሰው ራሱን ይስታል። ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ሦስት አራት ሰው እየተነፈሰ ሲቆፍር ኦክሲጅኑ ያልቃል፤ የሚያስወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ስለሚከብድ እታች ይተኛል። የኛ ቆላ ሙቀት ነገሩን ያብሰዋል። ቀን ላይ ውጪው ሞቃት፣ ጉድጓዱ ቀዝቃዛ ነው። ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለሆነ ካለበት አይነቃነቅም። ሥራው የሚጧጧፈው ደግሞ በዚያው ሰዓት ነው።

ከዚህ የባሰው ሞተሩ ነው። ጉድጓዱ ውሃ ሲያመነጭ ፓምፕ ያስፈልጋል። ላይ የተቀመጠ ፓምፕ ግን ውሃን ከ7 ወይም 8 ሜትር በላይ ስቦ ማውጣት አይችልም። ስለዚህ ምን ይደረጋል? የቤንዚን ሞተሩ በገመድ ታስሮ ወደ ታች ይወርዳል። በቃ፣ ሞት አብሮ ወረደ ማለት ነው። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። የደማችንን ሄሞግሎቢን ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ይይዘዋል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ ጉልበት ይከዳል። ሰውየው መውጣት ሲፈልግ መሰላሉን የሚይዝበት አቅም የለውም። ወንድሙ ሊያወጣው ይወርዳል፣ እሱም ይወድቃል። ሦስተኛው ይከተላል። አንድ ሟች ሦስት የሚሆነው እንዲህ ነው።

«ኩራዝ ይዘን እንገባለን፣ ከጠፋ እንወጣለን» የምትሉ አላችሁ። ኩራዝ የኦክሲጅን ማነስን ሊነግራችሁ ይችላል። ካርቦን ሞኖክሳይድን ግን አይነግራችሁም፤ መርዙ እየገደላችሁም ቦግ ብሎ ይበራል።

ይህን ዓለም ያወቀው ትናንት አይደለም። በ1862 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ሃርትሊ በሚባል የድንጋይ ከሰል ማውጫ ግዙፍ የብረት ምሰሶ ተሰብሮ የጉድጓዱን ብቸኛ አፍ ዘጋው። 204 ሰው ሞተ። አብዛኞቹን የገደላቸው የወደቀው ብረት አልነበረም፤ መውጫ አጥተው በተመረዘ አየር ታፍነው ነው ያለቁት። በዚያው ዓመት የከሰል ማውጫ ሁለት መውጫ እንዲኖረው የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓለም ሥራ ድርጅት የማዕድን ደህንነት ስምምነት ቁጥር 176 ደግሞ ሰው የሚገባበት የመሬት ውስጥ ሥራ ሁሉ በቂ አየር እንዲኖረው አሠሪውን ያዛል።

እኛስ? በ2016 ዓ.ም. ደቡብ ወሎ ደላንታ ውስጥ ኦፓል ሊያወጡ የገቡ 20 ገደማ ሰዎች ዋሻው ተዘግቶባቸው አገር ሁሉ ሰምቶ አዝኗል። ሐዘኑ ሲበርድ ረሳነው።

የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 የባህላዊ ማዕድን ፈቃድ ጠያቂውን የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት እንዲያቀርብ አያስገድደውም። ድሃውን በወረቀት አለማስጨነቅ ጥሩ ነው፣ እስማማለሁ። ግን ወረቀት መቀነስና ሰውን ያለ አየር መሬት ውስጥ መስደድ አንድ ነው እንዴ? ፈቃድ የሚሰጠው ባለሙያ አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ምን ይጎዳዋል፦ «አየሩ በየት ይገባል፣ በየትስ ይወጣል?» መልሱን በአንድ ገጽ ላይ በእርሳስ ስለው ያምጡ። ሥዕሉ ከሌለ ፈቃድ የለም።

«ገንዘብ የላቸውም» ትሉኛላችሁ። በ2017 በጀት ዓመት አገሪቱ ከወርቅ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች፤ ትልቅ ድርሻው የባህላዊ አምራቾች ላብ ነው። ብሔራዊ ባንክ ወርቃቸውን ግራም በግራም መዝኖ ይገዛል። ግራሙን ለመመዘን ሚዛን ከተገኘ ለአየሩ መለኪያ የሚጠፋበት ምክንያት አይገባኝም።

«ሕገወጦች ናቸው፣ ማን ይቆጣጠራቸዋል?» የሚለውም አይዋጥልኝም። የቦረናን ቱላ እዩ። ዱብሉቅ ሄዳችሁ ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ቆሞ ውሃ የሚያቀባብልበት ጥልቅ ጉድጓድ ነው። ማን መቼ ከብቱን እንደሚያጠጣ የሚያዝ አባ ሔሬጋ አለው፤ ትዕዛዙን ዘሎ የሚያልፍ የለም። ለውሃ ጉድጓድ ይህን ያህል ሥርዓት ያበጀ አገር ለወርቅ ጉድጓድ ማበጀት ያቅተዋል?

የምጠይቀው አራት ነገር ነው።

1. የቤንዚንም ሆነ የናፍጣ ሞተር ጉድጓድ ውስጥ አይውረድ። ጄኔሬተሩ ከአፉ ራቅ ብሎ፣ ጭሱ ነፋሱ ወደማይመልሰው በኩል ይቀመጥ፤ ታች የሚወርደው ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ብቻ ይሁን።

2. ወደ ጎን የሚገባ ጉድጓድ ሁሉ ሁለት አፍ ይኑረው፤ አንዱ ቢዘጋ በሌላው ይወጣል፣ አየሩም ያልፋል።

3. ከላይ በማራገቢያ ንጹህ አየር ሰው እስከሚቆፍርበት ድረስ በሰፊ ቱቦ ይግፋ። ማኅበር ተዋጥቶ የሚገዛው ነገር ነው።

4. ሁልጊዜ አንድ ሰው ገመድ ይዞ ላይ ይቁም። የሚወርደውም ወገቡ ላይ ይታሰር። ታች ያለው ዝም ካለ በገመዱ ይሳብ እንጂ ማንም ተከትሎት አይውረድ።

አንደኛውና አራተኛው የማንንም ፈቃድ አይጠብቁም፣ ነገ ጠዋት ይጀመራሉ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ደግሞ በፈቃዱ ላይ በግዴታ መጻፍ አለባቸው። ወረዳ ማዕድን ጽሕፈት ቤት የምትሠሩ ልጆቼ አላችሁ፤ ይህን የምለው በስም ለእናንተ ነው።

አፋን ኦሮሞ የምትጽፉ ደግሞ አራቱን ነጥብ ተርጉማችሁ አሰራጩልኝ። አማርኛ የማያነበው ወንድማችን ነገም ይወርዳል።