በበረዶ ላይ የተደረገው ጦርነትና የሲኒማ ጥበብ

የጦርነት ፊልም አይተው የወጡ ሰዎች ምን አያችሁ ተብለው ቢጠየቁ፤ ሰይፉን፤ ፈረሱንና የወደቀውን ሰው ይቆጥራሉ። ልባቸውን ያስጨነቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰይፉ ከመመዘዙ በፊት የነበረው ጸጥታ ነው። ይህን ለማስረዳት ሰርጌይ ኤይዘንስታይን በ1938 ዓ.ም. በሞስኮ የሠራውን «አሌክሳንደር ኔቭስኪ» የተባለውን ፊልም መርጠናል፤ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ልዑል አሌክሳንደር በ1547 ዓ.ም. በሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳን የተቆጠረ ስለ ሆነ፤ ስሙ ለብዙ አንባብያን እንግዳ አይሆንም።

ታሪኩ አጭር ነው። በአፕሪል 5 ቀን 1242 ዓ.ም. የኖቭጎሮድ ሰዎች በልዑሉ መሪነት ከጀርመን የመስቀል ጦረኞች ጋር በረዶ ሆኖ በረጋው በፔይፑስ ሐይቅ ላይ ተዋግተው ድል አደረጉ። ይህ ውጊያ በፊልሙ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል።

ከሁሉ አስቀድሞ የምናየው መጠበቅን ነው። ልዑሉ ከድንጋይ አምባ ላይ ቆሞ ይመለከታል፤ ሠራዊቱ ከሥር ተሰልፎ ዝም ብሏል። የፎቶግራፉ ባለሙያ ኤድዋርድ ቲሴ መሬቱን ከሥዕሉ ግርጌ ቀጭን መስመር አድርጎ፤ የቀረውን ሁሉ ለሰማይ ትቶታል። ሰው ከዚያ ሰማይ በታች እጅግ አንሶ ይታያል። ከዚያም በሩቁ ጥቁር ነጥብ የመሰለ ነገር ይነሣል፤ ነጥቡም እያደገ የፈረሰኛ ሰልፍ ይሆናል። እስካሁን አንድ ጠብታ ደም አልፈሰሰም፤ ተመልካቹ ግን ትንፋሹን ይዟል።

ጠላት ቀርቦ ሲታይ ፊት የለውም። ጀርመኖቹ የደፉት የብረት ቁር ፊታቸውን ሁሉ ሸፍኖ፤ ለዓይን ጠባብ ስንጥቅ ብቻ ተትቶለታል። የሩሲያ ገበሬ ግን ሲስቅም ሲፈራም ፊቱ ይታያል። ይህ ጥበብ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሠዓልያን ጻድቃንን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፤ ክፉዎችን ግን በጎን በአንድ ዓይን መሣል የቆየ ልማዳቸው ነው። በአድዋ ጦርነት ሥዕሎችም የኢጣልያ ወታደር በጎን፤ የኢትዮጵያ ዘማች ፊት ለፊት ሆኖ ይታያል። ሕፃን ልጅ ማንም ሳይነግረው የትኛው ወገን እንደሚፈራ ያውቃል። በቀለሙ ረገድ ግን ኤይዘንስታይን ልማዱን ገልብጦታል። ነጭ ለእኛ የበዓልና የንጽሕና ልብስ ሲሆን፤ እርሱ ነጩን ካባ ለጨካኞቹ አልብሶ ጥቁሩን ለአገሬው ሰዎች ሰጥቷል።

ስለ ድምፁ ጥቂት እንጨምር። ሙዚቃውን የደረሰው ሰርጌይ ፕሮኮፊዬቭ ነው። አንዳንዱ ሥዕል በሙዚቃው ልክ ተቆርጦ ተቀጥሏል፤ አንዳንዱ ሙዚቃ ደግሞ ለተነሣው ሥዕል ተደርሷል። የጀርመኖቹ መለከት ጆሮን እንዲያስጨንቅ ሲል፤ ነፊዎቹ ወደ ማይክሮፎኑ እጅግ ቀርበው እንዲነፉና ድምፁ እንዲሻክር አድርጓል። በውጊያው መካከልም አንዳንዱ ሥዕል የተነሣው ካሜራው በዝግታ እየዞረ ስለ ነበረ፤ በሸራው ላይ ሰዎቹ ከተፈጥሮ ልክ በላይ ፈጥነው ይራወጣሉ።

ተመልካቹን የሚያስገርመው ሌላው ነገር፤ ይህ ሁሉ ክረምት የተነሣው በሞስኮ አጠገብ በበጋ ሙቀት መሆኑ ነው። በረዶ መስሎ የሚታየው ጠመኔና ጨው ነበር፤ ተዋንያኑም በፀሐይ ላይ ወፍራም ካባ ደርበው ተዋግተዋል። ሠሪዎቹ ክረምትን እንዳለ ለመቅዳት አልደከሙም፤ መሬቱን ነጭ ሰማዩን ጥቁር ካደረጉት፤ ብርዱን ተመልካቹ ራሱ ይጨምርበታል።

እንግዲህ ልጆቻቸውን ይዘው ለሚያዩ ወላጆች አንድ ነገር ማሳሰብ ይገባናል። ዓይን የሌለው ጠላት በሥዕል ነው እንጂ በምድር ላይ የለም። ፊልሙ የተሠራው የናዚ ጀርመን ኃይል በሚያስፈራበት ወራት ሲሆን፤ ሕዝቡን ለጦርነት ለማነሣሣት ታስቦ ነበር። በኦገስት 1939 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ስምምነት በተፈራረሙ ጊዜ ከሲኒማ ቤቶች ተነሣ፤ በጁን 1941 ዓ.ም. ጀርመን ሶቪየት ኅብረትን በወረረች ጊዜ ግን እንደ ገና ወጣ። ሥዕሉ ያው ነበረ፤ የሚፈለገው ፍርሃት ግን ከመንግሥት ጉዳይ ጋር ይሄድና ይመጣ ነበር። የሟቹም ቍጥር እንዲሁ ነው፤ የኖቭጎሮድ ዜና መዋዕል 400 ጀርመኖች ሞቱ ሲል፤ የጀርመኖቹ ወገን የግጥም ታሪክ 20 የማኅበሩን ወንድሞች ብቻ ይቆጥራል። ልዑሉ በ1263 ዓ.ም. ከማረፉ በፊት ምንኵስና መቀበሉንም ፊልሙ አያነሣም፤ ሠሪዎቹ የፈለጉት የጦር አለቃውን እንጂ መነኵሴውን አልነበረምና።

ይሁን እንጂ እኛ ከሁሉ አብልጠን የምንወደው ክፍል ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ያለው ነው። ሠራዊት የለም፤ መለከት የለም። በጨለማው ውስጥ ሴቶች ችቦ ይዘው በሬሳው መካከል እየዞሩ የየራሳቸውን ሰው ይፈልጋሉ፤ ከበላያቸውም የአንዲት ሴት ድምፅ በዝግታ ያዜማል። ካሜራው መሮጡን ትቶ ከእነርሱ ጋር በእርምጃ ይሄዳል። ኦልጋ የምትባለው ልጃገረድ ለጋብቻ የጠየቋትን ሁለት ጐበዛዝት ቆስለው በሕይወት ታገኛቸዋለች፤ አንዱን በቀኝዋ ሌላውን በግራዋ ደግፋ፤ እየተንገዳገዱ በበረዶው ላይ ይሄዳሉ።