የተቀደደው ማስታወቂያ ይመለስ



በጥቅምት ወር መግቢያ በዚህ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈው ቢጫ ወረቀት ሁለት ጊዜ ተቀዶ መገኘቱን ሳታዩ አልቀራችሁም። ወረቀቱ አጭር ነው። በሠፈራችን አጠገብ ባለው ሜዳ የሚለማመድ አንድ የራግቢ ክለብ ኳሱን ነክተው የማያውቁ ጀማሪዎችን እንደሚቀበል፣ የማንንም ዘር፣ እምነት ወይም የፍቅር ሕይወት እንደማይጠይቅ ይገልጻል። ክለቡ በተለይ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ያለ ፍርሃት የሚጫወቱበት ቦታ እንዲኖር የተቋቋመ መሆኑም ሳይሸሸግ ተጽፎበታል። በዚህችው በመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ምክንያት እንደተቀደደ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም፤ የመጀመሪያው ቅዳጅ ያረፈው ልክ እዚያው መስመር ላይ ነበርና።

ይህን የምንጽፈው በአንድ ደረጃ የምንወጣና የምንወርድ ሦስት ጎረቤታሞች ነን፤ አንድ አውቶቡስ ነጂ፣ አንድ የሆስፒታል ሠራተኛና አንድ ተማሪ። ወረቀቱን አንብበን «እስቲ እንየው» ብለን ሄድን፤ ይኸው ሁለት ወር ሆነን። ስለሆነም የምንናገረው በወሬ የሰማነውን ሳይሆን ጭቃው ውስጥ ገብተን ያየነውን ነው።

መቼም አንዋሽም፣ ስንሄድ ፈርተን ነበር። ፍርሃታችንም ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው «አጥንታችን ይሰበራል»፣ ሁለተኛው «ሰው ምን ይለናል» የሚል።

ከአጥንቱ እንጀምር። የመጀመሪያው ምሽት ዝናብ ነበረ። ኳሱ እንደምታውቁት እንቁላል ቅርጽ ነው፤ መሬት ሲነካ ወዴት እንደሚነጥር እሱም የሚያውቅ አይመስልም። በእጅ ሲቀባበሉት ወደኋላ ወይም ወደ ጎን እንጂ ወደፊት መወርወር ክልክል ነው። እግር ኳስ ለምዶ ላደገ ሰው ይህ መከራ ነው። ሦስታችንም በየተራ ወደፊት ወርውረን ፊሽካ ተነፋብን። ሰው አንቆ መጣልን ያስተማሩን ደግሞ ቆመን ሳይሆን በጉልበታችን ተንበርክከን ነው፤ አወዳደቅን ለምደን ነው ቀስ በቀስ የቆምነው። አሠልጣኙ ከሁሉ አብልጦ የሚጮኸው «ጭንቅላትህን የት አደረግኸው?» እያለ ነው፤ የራስ ቦታ በጎን በኩል እንጂ በሚወድቀው ሰው ፊት ለፊት አይደለምና።

አደጋ የለውም አንልም። አንዳችን ጎኑን ተመትቶ ለሁለት ቀን ሲስቅ ያመው ነበር፤ እኛም ሆን ብለን እናስቀው ነበር። ነገር ግን ሕጉ እየጠበቀ መጥቷል። እ.ኤ.አ. ከ2023 ዓ.ም. ጀምሮ በእንግሊዝ የአማተር ራግቢ ከደረት አጥንት በታች ካልሆነ በስተቀር ሰውን አንቆ መጣል አይፈቀድም። ራሱን የተመታ ሰውም ወዲያው ከሜዳ ይወጣል፤ በዚያው ዓመት በወጣው የብሪታንያ መመሪያ መሠረት ቢያንስ 21 ቀን ሳይሞላው ወደ ግጥሚያ አይመለስም።

እኛን ያስገረመን ግን ሌላ ነገር ነው። በአንድ ወገን 15 ሰው ይሰለፋል፤ ለየዓይነቱ ሰውም ቦታ አለው። ወፍራሙና ጠንካራው 1 ወይም 3 ቁጥር ሆኖ ከፊት ይገፋል፤ ረጅሙ 4 ወይም 5 ሆኖ ኳስ ከሰማይ ያወርዳል፤ አጭሩና ቀልጣፋው 9 ቁጥር ይለብሳል፤ ሯጩ 11 ወይም 14 ሆኖ በዳር ይፈተለካል። ከመካከላችን አንዱ በክብደቱ ምክንያት በልጅነቱ ኳስ ሜዳ ላይ ልብስ ጠባቂ እንጂ ተጫዋች ሆኖ አያውቅም። እዚህ ገና ሲያዩት «በመጨረሻ መጣህልን!» አሉት። ዕድሜው 41 ነው።

እስቲ የራሳችንን ነገር እንይ። የማኅበራችን የእሑድ እግር ኳስ ቡድን ጥሩ ቡድን ነው፣ እናከብረዋለን። ግን ማን ይሰለፍበታል? የሚችል ብቻ። የማይችለው ልጅ ሁለት እሑድ ቆሞ ያይና በሦስተኛው ይቀራል፤ «የት ጠፋህ?» ብሎ የሚደውልለትም የለም። ገጠር ያደጉ አባቶቻችን የገናን ጨዋታ ያስታውሱ። በዚያች ቀን ጌታውም ሎሌውም ዱላውን ይዞ እኩል ይሰለፋል፣ ቁርጭምጭሚቱን ቢመታም አይቀየምም። ሰውን ሳይመርጡ ማጫወት እንግዳ ነገር አይደለም፤ የእኛም ነበር።

ወደ ሁለተኛው ፍርሃት እንምጣ። «እዚያ የሚሄድ ሁሉ እንደዚያ ነው» ይባላል። በእኛም ላይ በቡና ሰዓት ተብሏል፣ ደርሶናል። ከሦስታችን ሁለታችን ባለትዳርና የልጆች አባት ነን። ሦስተኛችንን ማንም አልጠየቀውም፤ እዚህም አይጻፍም። በሜዳው ላይ ግልጽ አድርገው «እኔ እንዲህ ነኝ» የሚሉ አሉ፤ ሚስታቸውን ይዘው የሚመጡም አሉ። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ምን ይሆን ብለን ተጨንቀን ነበር። የሆነው ነገር ቢኖር ሁሉም ጭቃውን እያራገፈ የኳሶቹን ከረጢት ማን ይሸከም በሚለው መከራከሩ ነው።

አንድ የምናከብራቸው አባት «ልጆቻችንን ወዴት ነው የምትመሩብን?» ብለው ጠይቀውናል። አባታችን፣ ጥያቄዎ ከፍቅር የመጣ መሆኑን እናውቃለን። ክለቡ የአዋቂዎች ነው፤ ከ18 ዓመት በታች አይቀበልም። እምነትዎን ይተዉ የሚልዎ ሰውም የለም። እኛ የምንፈራው ግን ሌላ ነው። ናይጄል ኦወንስ የሚባል የቀድሞ የዌልስ ዳኛ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. እዚሁ ለንደን የተደረገውን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የዳኘው እሱ ነው። በወጣትነቱ ማንነቱን ደብቆ ሲኖር ሕይወቱን ለማጥፋት መሞከሩን ራሱ በይፋ ተናግሯል። በእኛ ደረጃ፣ በእኛ ፎቅ፣ እንዲህ ተሸፍኖ የሚኖር ልጅ የለም ብሎ የሚምል አለ? እንግዲህ ያ ልጅ በዚህ ሰሌዳ አጠገብ ሲያልፍ የተቀደደውን ወረቀት ያያል፤ ልክ የት ላይ እንደተቀደደም ያያል።

እንዲህ ያለ ክለብ ትናንት የበቀለ አይደለም። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1995 ዓ.ም. በዚሁ ከተማ በኪንግስ ክሮስ ተቋቋመ። ዛሬ በብዙ አገር አሉ፤ በየሁለት ዓመቱም የቢንጋም ዋንጫ በሚል ስም ይገናኛሉ። ማርክ ቢንጋም እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በተጠለፈው በ93ኛው በረራ ውስጥ ከነበሩት፣ ጠላፊዎቹን ተጋፍጠዋል ከሚባሉት መንገደኞች አንዱ የሆነ የራግቢ ተጫዋች ነበር። የመጀመሪያው ውድድር በ2002 በሳን ፍራንሲስኮ፣ የ2024ቱ ደግሞ በሮም ተደርጓል።

ለክለቡም የምንለው አለን፤ ለእነሱም በአፋችን ነግረናቸዋል። ልምምዱ በሳምንት ሁለት ምሽት፣ ግጥሚያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ታዲያ በፈረቃ የሚሠራ ሰው ምን ይሁን? አውቶቡስ ነጂያችን በሁለት ወር ውስጥ የተሰለፈው አንዴ ብቻ ነው። ይህ ጣጣ በራግቢ ያረጀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ዓ.ም. የሰሜን እንግሊዝ ክለቦች የማዕድንና የፋብሪካ ሠራተኛ ተጫዋቾቻቸው ለጨዋታ ሲሉ ያጡት ደመወዝ ይካስ ብለው ጠየቁ፤ እምቢ ሲባሉ ሀደርስፊልድ ላይ ተሰብስበው ተለዩ። አማተር የሚለው ቃል ያኔ ጊዜና ገንዘብ ያለው ሰው ማለት ሆኖ ቀርቶ ነበር። ሁሉን እንቀበላለን የሚል ክለብ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛውንም አብሮ መቁጠር አለበት። ለአሠልጣኙ የእሑድ ጠዋት ልምምድ ይታከል ብለን አሳብ አቅርበናል፤ መልሱን እንጠብቃለን።

በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ «ማስታወቂያው ይነሣ» የሚል አሳብ እንደሚቀርብ ሰምተናል። ይቅረብ፣ መብት ነው። ግን የሚያቀርበው ሰው በስሙ ተነሥቶ ይናገር እንጂ በጨለማ አይቅደድ። እኛም ተነሥተን እንመልሳለን። እስከዚያው ወረቀቱን ለሦስተኛ ጊዜ ለጥፈነዋል፤ አሁን በመስታወቱ ውስጥ ነው፣ ቁልፉም በጸሐፊው እጅ ይገኛል። መሞከር ለሚፈልግ ማክሰኞ ማታ 1 ሰዓት ከደረጃው ሥር እንነሣለን። የጥርስ መከላከያ መግዛት ግዴታ ነው። ታኬታ ጫማ ለሌለው 43 ቁጥር አንድ ጥንድ ትርፍ አለን፤ ትንሽ ያፈሳል።