ሰይጣን እግዚአብሔር ፊት ይገባል?

ወር በገባ በ5 የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ መታሰቢያ ነውና የሳሪስ አቦ ደጅ ነጠላ በለበሰ ምእመን ይሞላል። ከበሩ ሳይገቡ አጥሩን ተሳልመው የሚመለሱም አሉ። አንዳንዱ ሥርዓቱን ጠብቆ ነው፤ አንዳንዱ ግን “በዚህ ኃጢአቴ እንዴት ልግባ?” ብሎ ነው። ይህን ያየ ልጅ “እማዬ፣ ሰይጣንስ እግዚአብሔር ፊት መግባት ይችላል?” ቢል ምን ይመልሱለታል?

መጽሐፍ ቅዱስ ጥያቄውን አይሸሸውም። በመጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 1 ሰይጣን በእግዚአብሔር ፊት ቆሟል። የቆመው ግን ሊከስ ነው፤ ያለ ፈቃድም ኢዮብን መንካት አልቻለም። በትንቢተ ዘካርያስ ምዕራፍ 3 ደግሞ ሊቀ ካህናቱ ኢያሱ ያደፈ ልብስ እንደለበሰ ቆሟል፤ ሰይጣንም በቀኙ ሆኖ ይከሰዋል። የተገሠጸው ከሳሹ ነው። ኢያሱ አልተባረረም፤ ያደፈው ልብስ ወልቆለት ንጹሕ ለበሰ።

እንግዲህ ሰይጣን ፊቱ ቆመ ማለት ከቅድስናው ተካፈለ ማለት አይደለም። በራእይ ምዕራፍ 12 ከሳሹ በመጨረሻ ይጣላል። ኃጢአትም ከእግዚአብሔር ቅድስና ጋር አብሮ አይኖርም፤ ኃጢአተኛው ግን ሊነጻ ይቀርባል።

“አይገባኝም” የሚለው ስሜት ወደ ንስሐ አባትዎ ከወሰደዎት መልካም ነው። ተስፋ አስቆርጦ ከበሩ ከመለሰዎት ግን የከሳሹን ድምፅ እየሰሙ ነው። ለልጅዎም እንዲህ ይበሉት፦ “ልብሱ ስላደፈ ከውኃ የሚሸሽ አለ እንዴ ልጄ?”