ለጊታር ሠሪው ልጅ ምን ይምጣለት?

ዛሬ የማነሳው አንድ አባት ለዚህ ዓምድ የላኩትን ጥያቄ ነው። የ17 ዓመት ልጃቸው ጊታር መጫወት ብቻ ሳይሆን መሥራትም አምሮት ከኪሱ ገንዘብ አጠራቅሞ እንጨቱን ገዝቷል። የፊቱ ጣውላ ተዘጋጅቶ አልቋል፤ ቀጣዩ ሥራ ከውስጥ በኩል ያሉትን ድጋፎች ማጣበቅና መቅረጽ ነው። አጎቱ ለገና ከአሜሪካ ስለሚመጡ አባት እንዲህ ይላሉ፦ «24 መሮ ያለበት ሳጥን አይቻለሁ። እሱን ላስመጣለት ወይስ ሌላ? እናቱ ግን ሁለት ቀን ነካክቶ ይተወዋል፣ ገንዘብ ማባከን ነው ትላለች።»

የእናትየው ስጋት ከንቱ አይደለም። ነገር ግን እኔ እንዳየሁት ልጆች የእጅ ሥራ የሚተዉት ብዙ ጊዜ ሥራው ሰልችቷቸው ሳይሆን መሣሪያው እምቢ ብሏቸው ነው። ስለዚህ መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ሳጥኑ ይቅር። ሁለት መሮ፣ አንድ የጣት መላጊያና ጥሩ መሳያ ድንጋይ ይምጣለት።

ምክንያቱን ለመረዳት የጊታርን ሆድ ማየት ያስፈልጋል። የጊታር ፊት ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ስስ ጣውላ ነው። የብረት ክር የሚወጠርበት ከሆነ ስድስቱ ክሮች ተደምረው 70 ኪሎ ግራም ያህል ይጎትቱታል። እንዳይጎብጥ የሚይዙት ከውስጥ የተጣበቁ ቀጫጭን እንጨቶች ናቸው። ባለሙያዎች ብሬስ ይሏቸዋል፤ እኛ ማገር ብንላቸው ያስኬዳል። ማገሩ ከሳሳ ፊቱ ይጎብጣል፤ ከወፈረ ደግሞ ጣውላው እንደልቡ መንቀጥቀጥ አቅቶት ድምፁ ይታፈናል።

ጥንትም የጊታር ሠሪዎች ጭንቀት ይኸው ነበር። ስፔናዊው አንቶንዮ ዴ ቶሬስ እ.ኤ.አ. በ1862 ጀርባውና ጎኑ ከተላቆጠ ወረቀት የሆነ ጊታር ሠርቶ፣ የድምፁ ዋና ምንጭ የፊቱ ጣውላ መሆኑን ለማሳየት ሞክሯል። ከጀርመን ወደ አሜሪካ የተሰደደው ክርስቲያን ፍሬድሪክ ማርቲን ደግሞ በ1840ዎቹ ሁለት ረጃጅም ማገሮችን እንደ ኤክስ ፊደል ማጠላለፍ ጀመረ። የብረት ክር ያላቸው አብዛኞቹ የዛሬ ጊታሮች የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ። የጊታር ማገር የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ስፕሩስ ከተባለው ቀላልና ለስላሳ እንጨት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ «ለስላሳ ከሆነ ማንኛውም መሮ ይበቃዋል» ይላል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ወይራን የመሰለ ጠንካራ እንጨት ደንዘዝ ያለ ስለትንም ገትሮ ይይዛል። ለስላሳው እንጨት ግን ከመቆረጥ ይልቅ ይጨፈለቃል፣ ይቦጨቃል። ስለዚህ የልጁ ጊታር የሚፈልገው የመሮ ብዛት ሳይሆን የስለት ጥራት ነው። ባለ 24ቱ ሳጥን ውስጥ ያሉት መሮዎች አብዛኞቹ ለቅርጻ ቅርጽ የታሰቡ ናቸው፤ ለዚህ ሥራ ሃያው ከሳጥኑ ላይወጡ ይችላሉ።

ከሁለቱ መሮዎች አንዱ 12 ሚሊ ሜትር፣ ሌላው 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ይኑረው። ሰፊው የማገሩን ጫፎች ቀስ በቀስ እያሳሳ ለማውረድ ያገለግላል። ጠባቡ ማገሮቹ በሚገናኙበት ቦታ፣ መላጊያ በማይደርስበት ጥግ ይገባል። ማገሩ ላይ ጎድጎድ ያለ ቅርጽ ለማውጣት ደግሞ የመሮው ሰያፍ ጎን ወደ ታች ይዙር፤ ያኔ ስለቱ ወደ እንጨቱ ሰምጦ አይገባም።

የጣት መላጊያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት የሚያዝ፣ ርዝመቱ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትንሽ መላጊያ ነው። ሆዱ ጠፍጣፋ የሆነው ይመረጥ፤ ሆዱ የጎበጠው ለሌላ ጊዜ ይቆይ። የማገሩን ግራና ቀኝ ጎን እንደ ቤት ጣራ ለማዘንበል ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የለም።

መላጊያው በጣም ስስ ፍቅፋቂ እንዲያወጣ መስተካከል አለበት። ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። የማገርን ስፋት በግማሽ ብትቀንሱ ጥንካሬው በግማሽ ይቀንሳል። ቁመቱን በግማሽ ብትቀንሱ ግን የሚቀረው አንድ ስምንተኛ ብቻ ነው። 15 ሚሊ ሜትር ከሚቆም ማገር ከላይ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ሲነሳ አንድ አምስተኛ ያህሉ ጥንካሬ ይሄዳል። የተነሳው ደግሞ አይመለስም። ከጎን መቀነስ ይቅር ባይ ነው፤ ከላይ መቀነስ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ቀሪውን እዚሁ ማግኘት ይቻላል። አጎትየው ሁለተኛ መሮ የሚይዙበት ቦታ ካጡ፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ መሮ መፈለግ ነው። የመሮው ጫፍ በሞረድ ይፈተሽ። ሞረድ በቀላሉ የሚበላው ከሆነ ብረቱ ለስላሳ ስለሆነ ስለት አይዝም፤ ሞረዱ ከተንሸራተተ ግን ይገዛ። መሳያ ድንጋይ ከጠፋም ወፍራም መስታወት ላይ ባለ 400፣ 1000 እና 2000 ቁጥር የውኃ ብርጭቆ ወረቀት ዘርግቶ በተራ መሳል ይቻላል። ማጨረሻው የድሮ ፀጉር አስተካካዮች ምላጫቸውን እንደሚያደርጉት በቆዳ ቀበቶ ላይ ነው። አዲስ መሮም ቢሆን ከፋብሪካ ሲወጣ ለዚህ ሥራ የሚበቃ ስለት የለውም፤ ሳይሳል አይነካ።

ስለት መድረሱ እንዴት ይታወቃል? የውጭ ዕቃ ከሚመጣበት ሳጥን ለስላሳ ጣውላ ውሰዱና ጫፉን፣ መጋዝ የቆረጠውን ፊት፣ በመሮው ሸርፉት። ፊቱ ለስልሶ ካንጸባረቀ ደርሷል፤ ከነጣና ከሻከረ ገና ነው። ልጁ የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ማገሮችም ከዚሁ ጣውላ ቢቀርጽ ገዝቶ ያመጣው ስፕሩስ ይተርፍለታል።

ሦስት ማሳሰቢያዎች አሉኝ። አንደኛ፣ ሁለቱም እጆች ምንጊዜም ከስለቱ ኋላ ይሁኑ፤ ጣውላውን ሞርሳ ይያዘው እንጂ መዳፍ አይያዘው። የደነዘ መሮ በኃይል ስለሚገፋ ከተሳለው ይልቅ እሱ ያቆስላል። ሁለተኛ፣ የማገሩ ጫፍ ጋ ሲደረስ የመሮው ጥግ የፊቱን ጣውላ እንዳይወጋ ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ ከሥር ይግባ። ሦስተኛ፣ አጎትየው ስለታሙን ዕቃ በካርቶን ጠቅልለው በሚጫነው ሻንጣ ያድርጉት፤ የእጅ ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ ኤርፖርት ላይ ይቀራል።

ለእናትየውም አንድ ቃል አለኝ። ልጅዎ ሥራውን ይተው ወይም ይቀጥል እኔ አላውቅም። ጊታሩ ቢቀር እንኳ ሁለቱ መሮዎች ቤት ውስጥ የሚላቀቅ በርና የሚነቃነቅ ወንበር አያጡም። መሳልን ከአባቱ ጋር ይማረው። ምሽት ላይ አንድ ሩብ ሰዓት ድንጋይና ውኃ መሀል አስቀምጠው ቢሠሩ፣ አባትና ልጅ ስለ ፈተና ውጤት ሳይነጋገሩ የሚቀመጡበት ጊዜ ያገኛሉ።

ለሚቀጥለው ሳምንት ሰው ይበለን።